ቁስላቸውን ይዘው የሚዋደዱ ሰዎችን የሚያሳይ የኮሪያ ድራማ አስተውሎ ለመመልከት የሚረዳ መመሪያ

ከልጅነት በደል ወይም ከታላቅ አደጋ የተረፉ ሁለት ሰዎች ተገናኝተው ሲዋደዱ የሚያሳይ የኮሪያ ድራማ ሲጀመር የተመልካች ዓይን በአብዛኛው የሚሮጠው ወደ ፍቅሩ ነው። መቼ ይቀራረባሉ፣ መቼ ይሳሳማሉ፣ ማንስ በመካከላቸው ይገባል እያለ የሚከታተል ሰው ግን የታሪኩን ዋና ነገር ሳያየው ያልፋል። ይህ መመሪያ የሚያቀርበው አካሄድ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ «ዛሬ ራሱን ለማዳን አንድ ነገር ያደረገው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ። በጥሩ ደራሲ የተጻፈ ድራማ ፍቅርን እንደ መድኃኒት አያቀርብም፤ ፍቅር የቆሰለው ሰው የሚያርፍበት ስፍራ ይሰጠዋል እንጂ የመዳኑን ሥራ አይሠራለትም። ይህን ልዩነት የያዘ ተመልካች የትኛው ትዕይንት በእውነት እንደተጻፈ፣ የትኛው ደግሞ ተመልካች ለማስለቀስ ብቻ እንደገባ በቀላሉ መለየት ይችላል።

ለማስረጃ የምንጠቅሳቸው ሁለት ድራማዎች ናቸው። አንደኛው በ2020 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በቲቪኤን ጣቢያ የቀረበውና በኔትፍሊክስ በዓለም ዙሪያ የታየው «ኢትስ ኦኬይ ቱ ኖት ቢ ኦኬይ» ሲሆን ኪም ሱ-ህዩን፣ ሰዮ ዬ-ጂ እና ኦ ጆንግ-ሴ ተውነውበታል። ሁለተኛው ከ2017 መጨረሻ እስከ 2018 መጀመሪያ በጄቲቢሲ የቀረበው «ጀስት ቢትዊን ላቨርስ» ነው፤ መሪ ተዋንያኑ ሊ ጁን-ሆ እና ዎን ጂን-አ ናቸው። ሁለቱም እያንዳንዳቸው 16 ክፍል አላቸው። ታሪኩን አስቀድሞ መስማት የማይወድ አንባቢ ድራማዎቹን አይቶ ቢመለስ ይሻላል፤ ከዚህ በታች አንዳንድ ወሳኝ ትዕይንቶች በዝርዝር ይነሳሉና።

ከመጀመርዎ በፊት

በመጀመሪያ ሊወስኑ የሚገባዎት የአመለካከትዎን ፍጥነት ነው። እነዚህ ድራማዎች የተጻፉት በሳምንት ሁለት ክፍል፣ በተከታታይ ሁለት ምሽቶች እንዲታዩ ታስቦ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። የሳምንቱ ሁለተኛ ክፍል ብዙውን ጊዜ ከባዱን ትዕይንት ተሸክሞ ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚኖሩት ባዶ ቀናት ተመልካቹ ያየውን እንዲያሰላስል ጊዜ ይሰጡታል። ሁሉንም በሁለት ሌሊት መጨረስ ይቻላል፤ ነገር ግን በአራተኛው ክፍል የተዘራው ፍንጭ በአሥራ አንደኛው ሲበቅል ለማስተዋል የሚያስፈልገው ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከሁለት ክፍል ባያልፉ ይመረጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ የይዘቱ ክብደት ነው። በመጀመሪያው ድራማ ውስጥ ልጅን ማሠቃየት፣ ግድያ እና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ይነሳሉ። በሁለተኛው ውስጥ ደግሞ ሕንፃ ተደርምሶ ከፍርስራሽ ሥር የተቀበሩ ሰዎች፣ ልጃቸውን የቀበሩ ወላጆች እና መጠጥ ውስጥ የተደበቀች እናት አሉ። ከእነዚህ አንዱ በራስዎ ሕይወት የደረሰ ከሆነ የትኛውን እንደሚያስቀድሙ አስበው ይምረጡ፤ ስለ ራስ መጠበቅ ወደ ኋላ ላይ በሰፊው እንመለስበታለን።

ሰውነት የሚናገረውን ማንበብ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ገጸ ባሕርያቱ ስለ ጉዳታቸው የሚናገሩት እጅግ ጥቂት ነው። ስለሆነም ንግግሩን ትተው ሰውነታቸውን ይከታተሉ፤ ምን ይሸሻሉ፣ ምን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፣ እጃቸው ሥራ ሲፈታ ምን ያደርጋል? የሕክምና ባለሙያዎች ከከባድ ጉዳት በኋላ የሚታዩትን ምልክቶች በ4 ጎራ ይከፍሏቸዋል። ትዝታው ሳይጠሩት መምጣቱ አንዱ ነው፤ አደጋውን የሚያስታውስን ነገር ሁሉ መሸሽ ሁለተኛው፤ ስለ ራስና ስለ ዓለም ያለ አስተሳሰብና ስሜት መጨለሙ ሦስተኛው፤ ሰውነት ሁልጊዜ አደጋ እንደሚጠብቅ ሆኖ መወጠሩ አራተኛው። ደራሲዎቹ ይህን ዝርዝር ለገጸ ባሕርያቱ እንዴት እንዳከፋፈሉት መከታተል ከፍቅሩ ያላነሰ ደስታ አለው።

በ«ጀስት ቢትዊን ላቨርስ» ሊ ጋንግ-ዱ እግር ኳስ ተጫዋች የመሆን ሕልም የነበረው ወጣት ነው፤ የገበያ ማዕከል የተደረመሰበት አደጋ እግሩንም ሕልሙንም ወስዶበት የጉልበት ሥራ እየሠራና የሕመም ማስታገሻ እየዋጠ ይኖራል። ሃ ሙን-ሱ ደግሞ የሕንፃ ሞዴል ትሠራለች። ያው ሕንፃ ተደርምሶ እኅቷን የገደለባት ልጅ ቀኑን ሙሉ ትንንሽ ሕንፃዎችን በጥንቃቄ ስታቆም እናያታለን፤ ለምን ይህን ሙያ እንደመረጠች ማንም ቆሞ አያስረዳንም፣ ማስረዳትም አያስፈልግም። እቤቷ ስትገባ የሰከረች እናቷን ታነሳለች፣ የሕዝብ መታጠቢያ ቤቱን ሥራ ታግዛለች፣ አንድም ቀን «እኔስ?» አትልም። እርሷ ተርፋ እኅቷ መሞቷን እንደ ጥፋት ስለምትቆጥረው መልካምነቷ ራሱ ቅጣት መሆኑን የሚረዳ ተመልካች፣ በኋለኞቹ ክፍሎች ቁጣዋ ሲፈነዳ አይገረምም።

ሙን ጋንግ-ቴ በ«ኢትስ ኦኬይ ቱ ኖት ቢ ኦኬይ» ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ሰው ነው። በአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሕሙማንን እየተንከባከበ ይሠራል፤ ኦቲዝም ያለበትን ታላቅ ወንድሙን ሳንግ-ቴን ያሳድጋል ማለት ይቻላል። ሳንግ-ቴ የእናታቸውን ግድያ ስላየና ከዚያ ጋር የተያያዘው ቢራቢሮ በየጸደዩ በሕልሙ ስለሚመጣበት፣ ሁለቱ ወንድማማቾች በየዓመቱ ከከተማ ወደ ከተማ ይሰደዳሉ። እዚህ ላይ የጋንግ-ቴን ፈገግታ ይመልከቱ። ደግ፣ ትሑት፣ ሁልጊዜ የተዘጋጀ ፈገግታ ነው፤ ከዓይኑ ጋር ግን አይገናኝም። እናቱ በልጅነቱ የወለደችው ወንድሙን እንዲጠብቅላት መሆኑን ነግራዋለች፤ ይህን የሰማ ልጅ አድጎ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን ኪም ሱ-ህዩን አንድም ቃል ሳይጨምር በትከሻውና በአንገቱ ያሳያል።

የልጆች መጻሕፍት ደራሲዋ ኮ ሙን-ዮንግ ለብዙ ተመልካች የመጀመሪያዋ ፈተና ናት። ሰው ታስፈራራለች፣ የሰው ዕቃ ሳትጠይቅ ትወስዳለች፣ ለማንም አክብሮት የለባትም፤ ጋንግ-ቴን በግድ ትከተለዋለች፣ ያለ ፈቃዱ ትነካዋለች። ይህ ባሕርይ ከጉዳት የመነጨ መሆኑን ማወቅ ጥፋቱን ትክክል አያደርገውም፤ ወንድ ገጸ ባሕርይ በሴት ላይ ይህን ቢያደርግ ኖሮ ስንቶቻችን በሁለተኛው ክፍል ድራማውን እንዘጋው እንደነበር ማሰብ ተገቢ ነው። ሆኖም የድራማው ደራሲ ጆ ዮንግ ይህችን ሴት በኋላ ላይ በቀላሉ ለስላሳ አታደርጋትም፤ አንድ በአንድ፣ ድንበር ማክበርን እንደ ሕፃን ልጅ ስትማር ታሳየናለች። ስለዚህ እስከ አራተኛው ክፍል ድረስ ፍርድዎን ቢያቆዩ ይበጃል።

ምልሰትን መከታተል

የዚህ ዘርፍ ደራሲዎች የአደጋውን ቀን በአንድ ጊዜ አያሳዩም። አንዱን ትዝታ በምልሰት፣ ማለትም ታሪኩን ወደ ኋላ በሚወስድ ትዕይንት፣ ደጋግመው ያመጡትና በየጊዜው ጥቂት ይጨምሩበታል፦ መጀመሪያ ድምፅ ብቻ፣ ከዚያ አንድ እጅ፣ ከዚያ ፊት፣ በመጨረሻ ገጸ ባሕርዩ ራሱ ያደረገው ወይም ያላደረገው ነገር። ይህ አሠራር ተመልካች ለማጓጓት ብቻ የተፈጠረ አይደለም፤ ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው ትዝታው ብዙ ጊዜ በቅደም ተከተል ሳይሆን በቁርጥራጭ ነው የሚመለስለት። ሙን-ሱ ከፍርስራሹ ሥር ያሳለፈችውን ጊዜ አታስታውስም፤ ጋንግ-ዱ ግን ያስታውሳል። የፍቅራቸው ጭንቅ ያለው እዚህ ነው፤ አንዱ የሌላውን ትዝታ ተሸክሞ ዝም ብሏል።

ምልሰት በመጣ ቁጥር አሁን ባለው ትዕይንት ውስጥ ምን እንደጠራው ይለዩ። የደረጃ ድምፅ ነው? የሰው ንግግር ነው? ከዚያም ባለፈው ጊዜ ካዩት ምን እንደተጨመረ ያስቡ። ማስታወሻ መያዝ የሚወድ ሰው ሁለት መስመር ቢጽፍ አይበዛበትም፤ ባይጽፍም ጥያቄውን መያዙ ብቻ ይበቃል።

ሦስት ትዕይንቶች በቅርበት

በ«ኢትስ ኦኬይ ቱ ኖት ቢ ኦኬይ» መጀመሪያ አካባቢ ጋንግ-ቴ ለሙን-ዮንግ ስሜቷን የምታረጋጋበት መንገድ ያሳያታል፦ ሁለቱን ክንዶች ደረት ላይ አጣምሮ ተቃራኒ ትከሻዎችን በቀስታ፣ ተራ በተራ መታ መታ ማድረግ። የቢራቢሮ እቅፍ የሚባለው ይህ ዘዴ የድራማው ፈጠራ አይደለም። ፖሊን የተባለው አውሎ ነፋስ የሜክሲኮዋን አካፑልኮ ከመታ በኋላ፣ በ1998 ሉሲና አርቲጋስ የተባለች ባለሙያ ከአደጋው የተረፉ ሰዎችን ስትረዳ ያዳበረችው ነው። በዚህ ትዕይንት ላይ ሊያስተውሉት የሚገባው ነገር ዘዴው ሰው ራሱን የሚያቅፍበት መሆኑ ነው። ጋንግ-ቴ ያስተምራታል፤ ማቀፉ የእርሷ ነው። በዚያ ላይ ሳንግ-ቴን የሚያሳድደው ፍጥረት ራሱ ቢራቢሮ ስለሆነ፣ ድራማው ገና ከጅምሩ አስፈሪውንና አጽናኙን በአንድ ምስል አስሯቸዋል።

ሁለተኛው የፀጉሩ ትዕይንት ነው። ሙን-ዮንግ እናቷ ትቆጣጠረው የነበረውን ረጅም ፀጉር በራሷ እጅ፣ በመቀስ፣ እንደነገሩ ትቆርጠዋለች፤ ጋንግ-ቴ በኋላ ተቀምጦ ያስተካክልላታል። ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ። ቆራጩ እርሱ ቢሆን ኖሮ እርሱ አዳኝ፣ እርሷ ተዳኝ ይሆኑ ነበር፤ እርሷ ቆርጣ እርሱ ጠርዙን ሲያቃና ግን ውሳኔው የእርሷ ሆኖ ይቀራል። በመጀመሪያ ያነሳነው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እንዲህ ባሉ ትንንሽ የሥራ ክፍፍሎች ነው።

ሦስተኛው በድራማው አጋማሽ ላይ ይገኛል። ጋንግ-ቴ ሙን-ዮንግን የመታትን ሰው ይመታና ከሥራው ይታገዳል። ለዓመታት ሁሉን ዋጥ አድርጎ የኖረ ሰው በዚህ ጊዜ ማዘን ሲገባው ይስቃል፤ ወደ እርሷ ዞሮም አብረው እንዲሄዱ ይጠይቃታል። ያ ሣቅ ከቀደሙት ፈገግታዎች ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሚለይ ለማየት ወደ መጀመሪያው ክፍል ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ማየት ይጠቅማል። ሰው መምታት የመዳን ምልክት ነው ማለቴ አይደለም፤ ጉዳዩ ይህ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ መዘዙን ሳያሰላ የራሱን ስሜት መከተሉ ነው።

ስለ ሳንግ-ቴም አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ኦቲዝም የሚድን ቁስል አይደለም፤ ድራማውም ይህን አይሳሳተውም። የሚድነው ከእናቱ ሞት የቀረው ፍርሃት ነው። የሆስፒታሉ ዋና ኃላፊ በግድግዳ ላይ ሥዕል እንዲሥል ሥራ ይሰጠውና ቢራቢሮ እንዲጨምርበት ይጠይቀዋል፤ አያስገድደውም፣ ይጠብቀዋል። ባዶ የቀረችው የግድግዳዋ ቦታ በየክፍሉ ምን እንደምትመስል ይከታተሉ። ኦ ጆንግ-ሴ በዚህ ሚናው በ2021 በኮሪያ የሚሰጠውን የቤክሳንግ የረዳት ተዋናይነት ሽልማት አግኝቷል፤ በእኔ ግምት የድራማው ትልቁ ትወናም የእርሱ ነው።

ከታሪኩ በስተጀርባ ያለችው ኮሪያ

የ«ጀስት ቢትዊን ላቨርስ»ን የገበያ ማዕከል መደርመስ እንደ ተራ የፈጠራ አደጋ የሚያይ ተመልካች ብዙ ነገር ያመልጠዋል። የኮሪያ ተመልካች ይህን ሲያይ ሰኔ 29 ቀን 1995 በሴኡል የተደረመሰውን የሳምፑንግ የገበያ ሕንፃ ያስታውሳል፤ 502 ሰዎች ሞተውበታል፣ ከ900 በላይ ቆስለዋል። ሕንፃው መጀመሪያ ከታቀደው ውጪ አምስተኛ ፎቅ ተጨምሮበት፣ ምሰሶዎቹ ቀጥነው፣ ጣሪያው ላይ ከባድ የአየር ማቀዝቀዣዎች ተጭነውበት ነበር። በዚያው ቀን ጠዋት የላይኛው ፎቅ መሰንጠቁ እየታየ ኃላፊዎቹ ገበያውን አልዘጉም። ከዚያ ቀደም ብሎ በጥቅምት 1994 የሴኦንግሱ ድልድይ ተሰብሮ 32 ሰዎች ሞተዋል፤ በሚያዝያ 2014 ደግሞ የሰዎል መርከብ ሰጥማ ከ300 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ አልቀዋል። በችኮላ ያደገ አገር ስለ ሞቱበት ሰዎች የሚያነሳው ጥያቄ በእነዚህ ስሞች ዙሪያ ነው የሚሽከረከረው።

ይህን ማወቅ የመታሰቢያውን ጉዳይ ክብደት ያሳያል። በድራማው የአደጋው ቦታ ላይ አዲስ ግንባታ ሲታቀድ ለሟቾች የቆመውን የመታሰቢያ ድንጋይ ጋንግ-ዱ ይሰብረዋል፤ ለምን ሟቾችን አስታውሶ የተሠራን ነገር አፈረሰ ብሎ መጠየቅ ጥሩ መነሻ ነው። በእውነተኛው ታሪክ በሳምፑንግ ቦታ ላይ ዛሬ የቆመው ውድ የመኖሪያ ሕንፃ ሲሆን፣ የሟቾቹ መታሰቢያ ያለው ከዚያ ርቆ በሚገኝ የያንግጄ መናፈሻ ውስጥ ነው። በድራማው ሁለቱ ወጣቶች የሟቾችን ቤተሰቦች እየዞሩ እያነጋገሩ፣ እያንዳንዱ ሰው ምን እንዲታወስለት እንደሚፈልግ እየሰሙ ይሠራሉ። እነዚህ ጉብኝቶች የታሪኩን ፍጥነት እንደሚያዘገዩ የሚያማርሩ ተመልካቾች አሉ፤ እኔ ግን የድራማው ልብ እነርሱ ናቸው ባይ ነኝ፤ ሁለቱ ቁስላቸው የግላቸው ብቻ አለመሆኑን የሚረዱት እዚያ ነውና። ሐኪም ቤት መሄድ ለማይችሉ ድሆች መድኃኒት የምትሸጠው አሮጊት፣ ተዋናይቷ ና ሙን-ሂ የምትጫወታት፣ ለጋንግ-ዱ የምትለውንም በጥሞና ይስሙ፤ ማጽናኛ ከሚሉት የተለመደ ንግግር አንድም አትጠቀምም።

የአነጋገር ደረጃም አብሮ ቢታይ መልካም ነው። ኮሪያውያን እንደ እኛው ሰውን በአክብሮትና ያለ አክብሮት ያናግራሉ፤ የግርጌው ጽሑፍ ግን ይህን አያስተላልፍም። የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ዮ» ወይም «ኒዳ» በሚል ድምፅ ሲዘጋ አክብሮት አለ፤ ድምፁ ሲጠፋ ወይም ቅርበት ተፈጥሯል ወይም ንቀት። ሙን-ዮንግ ከመጀመሪያው ሁሉንም ያለ አክብሮት ታናግራለች፤ ጋንግ-ቴ ደግሞ ርቀቱን የሚጠብቀው በአክብሮት ነው።

ደካማ ጎኖቹን ለይቶ ማለፍ

ሁለቱም ድራማዎች በአጋጣሚ ላይ አብዝተው ይደገፋሉ። የተዋደዱት ሰዎች በልጅነታቸው ተገናኝተው የነበሩ ሆኖ መገኘት በኮሪያ የፍቅር ድራማ የተለመደ ነው፤ እንደ ዘርፉ ልማድ ተቀብሎ ማለፍ ይሻላል። የ«ኢትስ ኦኬይ ቱ ኖት ቢ ኦኬይ» የግድያ ሴራ በመጨረሻዎቹ ክፍሎች ወደ አስፈሪ ፊልም ይጠጋል፣ ጉዳቱም ከአንድ ክፉ ሰው ብቻ የመጣ ያስመስላል። «ጀስት ቢትዊን ላቨርስ» ደግሞ ወደ መጨረሻው ሕመም ይጨምራል፤ ያለዚያም ታሪኩ በበቂ ክብደት ይቆም ነበር። በእነዚህ ክፍሎች ወቅት ወደ ዋናው ጥያቄ መመለስ ይረዳል፤ ሴራው ቢጮህም ከበስተጀርባው አንድ ሰው ራሱን ለማዳን የሚያደርገው ትንሽ ነገር አለ።

ራስዎን እየጠበቁ ማየት

የራስዎ ቁስል ያለብዎ ከሆነ እነዚህን ድራማዎች ሌሊት፣ ብቻዎን፣ ከመተኛትዎ በፊት አይዩ። ቀን ላይ፣ ከሚያምኑት ሰው ጋር ቢሆን ይመረጣል፤ ያ ሰው አስቀድሞ አይቶት ከሆነ ከባዱ ትዕይንት ከመድረሱ በፊት ሊነግርዎ ይችላል። እያዩ ሳለ ልብዎ ቢመታ፣ እጅዎ ቢቀዘቅዝ፣ ወይም ራስዎን ከክፍሉ የራቁ ያህል ቢሰማዎት፣ አቁመው እግርዎን መሬት ላይ ያሳርፉ፣ በዙሪያዎ የሚያዩአቸውን ነገሮች በስማቸው ይጥሩ፣ አተነፋፈስዎን ያዘግዩ። የቢራቢሮ እቅፉንም መሞከር ይቻላል። ትዕይንቱን ዘልሎ ማለፍ ምንም ነውር የለበትም፤ ታሪኩ የሚጠፋበት ነገር ጥቂት ነው። ከድራማው በኋላ ቅዠቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ወይም የመሸሹ ነገር ከአንድ ወር በላይ ከቀጠለ፣ ወይም ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ፣ ጉዳዩ የድራማ መሆኑ ቀርቶ የባለሙያ ጉዳይ ሆኗል፤ ሳይዘገዩ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ።

ሁለቱን ጨርሰው ለመቀጠል የሚፈልጉ ከሆነ በ2014 በኤስቢኤስ የቀረበውን «ኢትስ ኦኬይ፣ ዛትስ ላቭ» መምረጥ ይችላሉ። ኖ ሂ-ክዩንግ የጻፈችው ይህ ድራማ ጆ ኢን-ሰንግንና ጎንግ ህዮ-ጂንን የሚያሳይ ሲሆን፣ ከፍቅረኞቹ አንዷ ራሷ የአእምሮ ሐኪም ስለሆነች ጥያቄው ትንሽ ይቀየራል፦ ሌላውን የሚያክመው ሰው የራሱን ቁስል ለማን ያሳያል? እዚህ ላይ ከሁለቱ ድራማዎች በተለየ መድኃኒት፣ ሆስፒታል መግባትና የምርመራ ውጤት ፊት ለፊት ይቀርባሉ፤ ስለሆነም ጋንግ-ቴንና ጋንግ-ዱን ከተመለከቱ በኋላ ቢያዩት ልዩነቱ በይበልጥ ይታያል።